ግንባታው የሚያልቀው መቼ ነው?

ከጅጅጋ ወደ ቀብሪበያህና ወደ ሐርሺን አቅጣጫ የተጓዘ ሰው ቢርካዎችን ያውቃል። ቢርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ፣ ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ እጅግ ጥልቅ በሆነበት በዚያ ሜዳ በደረቁ ወራት ሰውም ከብትም የሚኖረው በእርሱ ነው። አስተዋይ ባለቤት ዝናቡ ከመምጣቱ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ወርዶ ደለሉን ይጠርጋል፤ ስንጥቁንም ይለስናል። ይህ ሳይደረግ የቀረ እንደ ሆነ ሰማይ የሰጠውን ውኃ ምድር ትውጠዋለች። በመንገዱ ዳር ደርቀው ከሚታዩት ቢርካዎች መካከል በመልካም እጅ ተሠርተው ለሳሽ ብቻ ያጡ አሉ።

ቢርካውን ያነሣሁት በዚህ ጽሑፍ ላቀርበው ለፈለግሁት ጥያቄ ስለሚረዳኝ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ውድ የሆነ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ የሚገዛ፣ ሕንፃውንም የሚያሠራ ወገን ግዴታው የሚፈጸመው መቼ ነው? ሪባን በሚቆረጥበት ቀን ነውን? የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአልጋው ላይ በሚተኛበት ቀን ነውን? ወይስ ከዚያም በኋላ የሚቀጥል ዕዳ አለበት? ነገሩ የመሐንዲሶችና የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የሕሊናም ጉዳይ ነው እላለሁ።

አስቀድመን የአገራችንን ሁኔታ እንመልከት። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። (የምሥራቁ ሕመምተኛ ሁሉ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ የሚሄድበት ይህ ሆስፒታል መጀመሪያ የተሰየመው በሐረሩ መስፍን በልዑል መኮንን ስም እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?) ሕክምናው ሁለት አሥርተ ዓመታት ለሚያህል ጊዜ ከዚያ አልወጣም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ግን በአገራችን በዓመት ከ77,000 የሚበልጡ ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ፤ ከ50,000 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ጤና ሚኒስቴር ይህን በመረዳት ሕክምናውን ወደ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደር፣ መቀሌና ሐረር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ለማዳረስ ዐቀደ። የሐረሩ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው። ከጅጅጋ ለሚነሣ ሰው ካራማራን ወጥቶ፣ ባቢሌን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መሆኑ ነው፤ የሽንሌው ሰው ደግሞ በድሬዳዋ በኩል ይደርሳል። ከዕቅዱ እስከ አገልግሎቱ ያለው መንገድ ግን በኪሎ ሜትር የሚለካ አልነበረም፤ ዓመታትን ጠይቋል።

ለምን? ሕንፃው እንደ ሌላው ሕንፃ አይደለም። ጨረሩ እንዳያመልጥ የክፍሉ ግድግዳ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተኩል የሚደርስ ድፍን ኮንክሪት መሆን አለበት። ይህ ግድግዳ አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ተሳስተናል ብሎ ማፍረስ ቀላል አይደለም። በመሆኑም የትኛው ማሽን እንደሚገባበት ከመሠረቱ በፊት መታወቅ ይኖርበታል። የኤሌክትሪኩ ኃይል፣ ማቀዝቀዣው፣ የውኃው መስመር ሁሉ ከማሽኑ ጋር መጣጣም አለበት። ከሁሉም በላይ ሰው ያስፈልጋል። ኮንክሪት በሃያ ስምንት ቀን ይጠነክራል፤ የካንሰር ሐኪም ግን ጠቅላላ ሕክምናን ከጨረሰ በኋላ ዓመታት የሚፈጅ ተጨማሪ ትምህርት ይጠብቀዋል። የጨረሩን መጠን የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና መሣሪያውን የሚጠግነው መሐንዲስም በገበያ የሚገኙ አይደሉም። ስለዚህ ሰውን ማሠልጠን ከቁፋሮው መቅደም ሲገባው ብዙውን ጊዜ ሕንፃው ቀድሞ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕንፃ ለጎብኚ ይታያል፣ በትምህርት ላይ ያለ ወጣት ግን አይታይም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ልብ እንግባ። በጥቁር አንበሳ ሥራ የጀመሩት ማሽኖች የኮባልት ማሽኖች ነበሩ። ኮባልት ስልሳ የሚባለው የጨረር ምንጭ ማንም ባይነካውም በየወሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ እኩሌታው ይቀራል። ይህ ማለት አዲሱ በሁለት ደቂቃ የሚሰጠውን ጨረር አሮጌው የሚሰጠው በአራት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ምንድን ነው? ይባል ይሆናል። በቀን ስልሳ ሰው የሚስተናገድ ቢሆን ሁለት ሰዓት ነው። ሁለቱ ሰዓት ለሌሎች ሕመምተኞች ይውል የነበረ ጊዜ ነው። እነርሱ ወደ ነገ ይገፋሉ፤ የነገዎቹም ወደ ሳምንት፣ የሳምንቶቹም ወደ ወር። በር የዘጋባቸው ሰው የለም። የሰደባቸው፣ ጉቦ የጠየቃቸው፣ አድልዎ ያደረገባቸው የለም። ነገር ግን ወረፋው ረዝሟል፤ በወረፋውም መካከል ዕጢው አድጓል።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ማንም ያልፈጸመው በደል ባለቤት አለውን? ብዙዎች «የለውም፤ ተፈጥሮ ነው» ይሉ ይሆናል። እኔ አልስማማም። ኮባልቱ የሚዳከምበት ቀን በተገዛበት ቀን ይታወቃል። ድንገት የሚመጣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። አስቀድሞ የሚታወቅን ነገር መርሳት አደጋ ሊባል አይችልም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አስተውሎት ስለሚባለው ምግባር ሲያስተምር ከክፍሎቹ መካከል ያለፈውን ማስታወስን፣ አርቆ ማየትንና ዙሪያን መመልከትን ይቈጥራል። እነዚህን እንደ ግል ጠባይ አድርገን እናስተምራለን፤ ለበጀት ግን የሚሠሩ አይመስለንም። የመለዋወጫና የጥገና ገንዘብ በግዢው ሰነድ ላይ ከዋጋው ጎን ያልተጻፈበት ፕሮጀክት፣ ምንም ያህል ቅን ሰዎች ቢያዘጋጁት፣ አስተውሎት ይጎድለዋል።

ይህን ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ስትሠራ በኮሚቴው ውስጥ ነበርሁ። ለምረቃው በዓል የድንኳንና የምሳ ወጪ ስናጸድቅ አንድ ሰዓት ያህል ተከራክረናል። ለጄነሬተሩ ጥገና የተያዘ አንድ መስመር እንኳ በሒሳባችን ላይ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ዓመት ጄነሬተሩ ቆመ። ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የሚያስተምረውን የወንጌል ምሳሌ በየዓመቱ እሰብካለሁ።

በዘመናችን ኮባልቱን የሚተካው መስመራዊ ፍጥንጥ የሚባለው፣ በተለምዶ ሊናክ የሚሉት ማሽን ነው። ጨረሩን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ እንደ ኮባልት በራሱ ጊዜ አይደክምም። ነገር ግን መብራት ሲቋረጥ ይቆማል፤ አንዲት ክፍል ስትበላሽም ከባሕር ማዶ እስክትመጣ ይቆማል። የማዳን ዓላማ ያለው የጨረር ሕክምና በአብዛኛው በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስትና ለስድስት ሳምንታት ያለ ማቋረጥ የሚሰጥ ነው፤ በመካከሉ የሚፈጠር ክፍተት የመዳንን ዕድል ይቀንሳል። እንግዲህ ስድስት ሳምንት ሐረር የሚቀመጠው የቶጎ ውጫሌ ሰው የት ያድራል? ምን ይበላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጅጅጋ አንድ የማውቀው ባለ ሱቅ አባቱን እንድጠይቅለት ወሰደኝ። ሽማግሌው የገጠር ሰው፣ ግመል አርቢ ናቸው። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አላቸው፤ ለብዙ ወራት ጨጓራ ነው ተብለው ሲታከሙ ቆዩ፤ በመጨረሻ ወተቱም እምቢ አለ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ በብዛት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ሐኪሙ በሽታው እንደማይድን፣ ጨረር ግን ጉሮሮውን ለተወሰነ ጊዜ ሊከፍትላቸው እንደሚችል ለልጁ ነገረው። ልጁ ወረቀትና እርሳስ ይዞ እያሰላ ነበር። «አባ፣ የሕክምናውን ዋጋ አገኛለሁ» አለኝ። «ከዚያ በፊት ስንት ቀን እንደምንጠብቅ የሚነግረኝ ሰው ግን አጣሁ። የት እናድራለን? እሳቸው ከሶማሌኛ በቀር አያውቁም፤ እኔ ሱቁን ዘግቼ ስንት ወር እቀመጣለሁ?» ሽማግሌው ውይይቱን ሰምተው ነበርና ግመሎቹ የልጅ ልጆቻቸው እንደ ሆኑ፣ እንደማይሸጡም ተናገሩ። በቤታቸው ቀሩ። ለሕመማቸው ማስታገሻ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ፈልገን በአቅራቢያችን አላገኘንም። ሞርፊን ሁለት ሜትር ግድግዳ የማያስፈልገው ርካሽ መድኃኒት ነው።

ማሽኑ የእርሳቸውም ነበር፤ የአገሪቱ ዜጋ ናቸውና። ከእርሳቸው እስከ ማሽኑ ያለውን መንገድ ግን ማንም አልሠራውም፤ በየትኛውም ፕሮጀክት ውስጥ አልተጻፈምና።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ድሃ አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ ከምትገዛ ገንዘቡን በመከላከል ላይ ብታውለው አይሻልምን? በማኅፀን በር ካንሰር ረገድ ይህ እውነትነት አለው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ጀምሮ በአገራችን የ14 ዓመት ልጃገረዶች የመከላከያ ክትባት መከተብ ጀምረዋል። ቅድመ ምርመራውም በአቼቶ ይሠራል፤ አንዲት የሠለጠነች ነርስ በጤና ጣቢያ ልታደርገው ትችላለች። በአንድ ማሽን ዋጋ ስንት ሺህ ሴቶች ይመረመራሉ! ትምህርተ ክርስቶስ የምትሰጡ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ለእናቶች ብትነግሩ መልካም ታደርጋላችሁ። ይሁን እንጂ ዛሬ ለታመመችው ሴት «ገንዘቡ ለልጅሽ ክትባት ውሏል» ብሎ መመለስ ይቻላልን? ልጂቱ መከተቧ እናቲቱን የሚያስደስት ነው፤ ዕዳችንን ግን አይሰርዝም። እኔ የደረስሁበት አስተያየት የሚከተለው ነው፤ አዲስ ገንዘብ ሲገኝ መከላከሉ ይቅደም፤ አስቀድሞ የቆመውን ማሽን ግን ማስቆም አይፈቀድም፤ በእርሱ ተማምኖ ሕክምና የጀመረ ሰው አለና።

በከተማችን ሌላም ንግግር እሰማለሁ። «ሐረር ካገኘች ጅጅጋስ? ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አለን፣ ዩኒቨርሲቲ አለን» ይባላል። ይህ ክልል ለረጅም ዘመን ወደ ኋላ ስለ ቀረ ቅሬታው ይገባኛል። ነገር ግን ለአሁኑ የራሳችንን ማሽን መጠየቅ ያለብን አይመስለኝም። በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለት ማሽን ኖሮ ሁለቱም ጠጋኝ ቢያጡ ምን ይጠቅመናል? ልንጠይቅ የሚገባን በሐረሩ ያለንን ድርሻ ነው። በጅጅጋ ዕጢ ቆርጦ የሚመረምር ፓቶሎጂስት እንዲኖር፣ ጨጓራ ነው ተብሎ ወራት የሚባክን ሰው ቶሎ በመሣሪያ እንዲታይ፣ ሕመምተኛው ከቤቱ ሳይነሣ ቀጠሮውን በቁርጥ እንዲያውቅ፣ ሶማሌኛ የሚናገር ሰው በዚያ እንዲቀበለው፣ ሞርፊኑም በየከተማው እንዲገኝ ነው የምንጠይቀው። ይህ ለምረቃ በዓል የሚመች ጥያቄ አይደለም፤ የሚጋረድም የሚገለጥም ሐውልት የለውም።

ማደሪያውን በተመለከተ ግን መንግሥትን ብቻ መጠበቅ የለብንም። በአዲስ አበባ የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ በመስጠት ምሳሌ ሆኗል። እኔም ባለፈው ወደ ሐረር በወረድሁ ጊዜ የማውቃቸውን ቤተሰቦች ጠየቅሁ፤ ሕመምተኛው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሳይለዩ ሦስቱ ቤት አንዳንድ አልጋ አለን ብለውኛል። አንዲቱ እናት ግን ስድስቱን ሳምንት ቀለቡን ማን እንደሚችል ጠየቀችኝ፤ ለዚህ ገና መልስ አላገኘሁላትም።