ለጊዜው ነው አትበይ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ስልኩን ከክፍል ክፍል እያዞርሽ አዲሱን ቤታችሁን ስታሳዪኝ ብቻዬን እልል ብያለሁ። ሁለት መኝታ ቤት፣ ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን፣ ልጆቹ የሚሯሯጡበት ኮሪደር። ዓመት ከመንፈቅ ከሰው ቤዝመንት ኖራችሁ አሁን በራሳችሁ ቁልፍ የራሳችሁን በር መክፈታችሁ ትልቅ ነገር ነው። የደስታ ቤት ያድርግላችሁ፤ መውጫ መግቢያችሁ የሰላም ይሁን።

አንድ ነገር ግን ዐይኔ ላይ ቀረ። ከአገር ይዛችሁት የወጣችሁት ሦስት ሻንጣ ዛሬም በገመድ እንደ ታሰረ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፍራሹ መሬት ላይ ነው፤ ግድግዳው ባዶ ነው። «ለምን አትፈቱትም?» ብልሽ፣ «ተዪው እትዬ፣ ለጊዜው ነው» አልሽኝ። ይህን ምክር ያጻፈችኝ ያቺ «ለጊዜው» ናት። የምናገረውም ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከአጣዬም፣ ከደብረ ሲናም ወጥታችሁ በሰው አገር ቤት ለያዛችሁ ልጆቻችን ሁሉ ነው።

ቃሏን አውቃታለሁ፤ እኔም ኖሬባታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ከደመወዜ እየቆጠብሁ የገዛሁት የሸክላ ሰሃንና የብርጭቆ ስብስብ በቡፌዬ ውስጥ ነበር። ታስታውሽዋለሽ፤ እጅሽን ስትዘረጊ ስንት ጊዜ ተቆጥቼሻለሁ! ለልጆቼ ሠርግ፣ ለክብር እንግዳ፣ ለደህና ቀን ብዬ ቆለፍሁበት። እኛ በየቀኑ በተሸራረፈ ስኒ እንጠጣ ነበር፤ ለጊዜው። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በለበስነው ልብስ ወጣን። ስንመለስ የቡፌው በር ተገንጥሎ ውስጡ ባዶ ነበር። ማን እንደ ወሰደው አልጠየቅሁም፤ ሰው ከተረፈ ዕቃ አይቆጭም። የቆጨኝ ሌላ ነው፦ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእነዚያ ብርጭቆዎች በአንዱ እንኳ ውኃ ሳይጠጣ ሞተ።

በስደቱ ወራት ደብረ ብርሃን አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ቤተሰብ ሆነን ተጠለልን። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የሮቢትን ሙቀት የለመደ ገላ ጣርማበርን ወጥቶ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ብርድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። እኔ በር በሩን እያየሁ ስቀመጥ፣ ከአጣዬ የመጣች አንዲት እናት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጥጓን መጥረግ ነበር። መጋረጃ የሚሆን ነጠላ ወጠረች፤ ጀበና ተውሳ ቡና አፈላች፤ የልጆቿን ደብተር ከካርቶን በሠራችው መደርደሪያ ደረደረች። «ስንት ቀን ልትቆዪ ነው እንዲህ የምትደክሚው?» አልኳት። «ሁለት ቀንም ቢሆን ዕድሜ ነው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት እኔ ያን ቀን ተማሪ ሆንኩ።

ስለዚህ ልጄ፣ ቤቱን እንደ ቤት ያዢው። እንዴት መሰለሽ?

በመጀመሪያ ወረቀቱን አንብቢው። የራሴን ልጅ ላርስ ስሄድ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ስድስት ወር ቆይቻለሁ፤ ውል ሳያነቡ የፈረሙ ሰዎች ሲያዝኑም አይቻለሁ። በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ሁሉ ስሙ በውሉ ይግባ፤ ልጆቹንም ትምህርት ቤት ስታስመዘግቢ አድራሻሽን የሚመሰክርልሽ ይኸው ውል ነው። በቨርጂንያ ሕግ አከራይ የሚይዘው ዲፖዚት ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ለቃችሁ ስትወጡም የሚቀንሰው ካለ ዘርዝሮ ቀሪውን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እንግዲህ ያን ቀን «ይህን የሰበራችሁት እናንተ ናችሁ» እንዳትባሉ፣ ዕቃ ከመደርደራችሁ በፊት ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ ምድጃውን፣ የቧንቧውን ሥር ሁሉ ፎቶ አንሺ፤ ጉድለቱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጽሑፍ አስታውቂ። የተበላሸ ነገር ሲኖር በስልክ ብቻ አትናገሪ፤ ጻፊና ቅጂውን ያዢ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም። የእኛ ሽማግሌዎችም መሬት ሲያካፍሉ ምስክር ሳያቆሙ ድንበር አይተክሉም።

ሁለተኛው እሳት ነው፤ እዚህ ላይ ቃሌን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠናብን ከሰሉን ከነፍሙ አስገብተን በሩን ዘጋን። ባለቤቲቱ ደርሳ በሩን ባትከፍተው ኖሮ ይህን አልጽፍልሽም ነበር። የከሰል ጭስ ሲጠፋ መርዙ የጠፋ ይመስለናል፤ አልጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ያስመስላል፣ ከዚያ ይገድላል። የተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ለቡናም ለዕጣንም ብለሽ ከሰል አታያይዢ፤ በረንዳ ላይም ሕንፃው ካልፈቀደ አታድርጊው። ቡናውን በምድጃው ላይ ቁይ፤ የጭስ መሳቢያውን አስነሺ፣ መስኮቱን ክፈቺ። ዕጣን ከፈለግሽ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማጨሻ የሐበሻ ሱቅ ታገኛለሽ። ልጄ ቤት ቡና ስቆላ የጭስ አላርሙ ጮኾ ሕንፃው ሁሉ ወደ ደረጃ ወጥቷል፤ አፈርሁ። በማግስቱ የሰማሁት ምክር ግን ከአላርሙ የባሰ ነበር፦ «ቁሌት ስትሠሪ በፌስታል ሸፍኚው።» እንዳትሸፍኚው! ማታ ሁላችሁ ስትተኙ የሚነቃ ዘበኛችሁ እሱ ነው።

ስለ መስኮቱም ስሚኝ። እኛ ቆላ ያደግን ሰዎች የመስኮት ወንፊት እናውቃለን። ትንኝ ይከለክላል፤ ልጅ ግን አይዝም፤ ሲደገፉት ተነቅሎ ይወድቃል። አምስተኛ ፎቅ ላይ ናችሁ። የልጆቹን መኝታ ከመስኮቱ አርቂ፤ መቆለፊያ አስገጥሚለት። ትልቁ ልጅሽ የአባቱን ሙሉ ስም፣ የሕንፃውንና የቤቱን ቁጥር በቃሉ ይያዝ፤ 911 መቼ እንደሚደወል አስተምሪው።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ሐበሻ የሚበዛበት ሕንፃ ውስጥ መግባታችሁ በረከት ነው፤ ዕቁቡም፣ የሐዘንና የደስታ መጠራሪያውም እዚያው አለ። ያ ደስታ ግን ከፊትሽ ያለውን በር እንዳያስረሳሽ። እኔ በዚያ ስድስት ወር ቡና በሙቀጫ ስወቅጥ ከታች ያለው ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታ ነበር። ክፉ መስሎኝ ተቀየምሁት። ኋላ ልጄ ስትነግረኝ ለካ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ነው! ከሙቀጫው ሥር ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍሁ፤ ሰዓቱንም ወደ ማታ አዛወርሁ። ባልሽም ሌሊት ይሠራል፤ የእሱ እንቅልፍ እንደሚያሳስብሽ የሌላውም ያሳስብሽ። በዚህ በይፋት ምድር የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ አዛን ተሰማምተው የኖሩት ሰው የጎረቤቱን ሰዓት ስለሚያውቅ ነው። የአርጎባ ጎረቤቴ በጾሜ ሥጋ አትጠብስም፤ እኔም በረመዳን ቀን ቡና አፍልቼ ደጅ አልወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ሻንጣው ያልተፈታበትን ምክንያት አውቀዋለሁና። ገንዘቡ እዚህ ቤት ለመሥራት እየተጠራቀመ ነው። ልጆቹ መሬት ላይ የሚተኙት፣ የሚያጠኑበት ጠረጴዛ ያልተገዛው፣ ሮቢት ላይ ፎቅ እንዲነሣ ነው። ልጄ፣ እኔ የምኖረው ከእነዚያ ፎቆች መካከል ነው። ዓረብ አገር ያሉ እኅቶቻችሁ በላባቸው ያሠሩት፣ አሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችሁ የላኩበት ቤት፣ ቁልፉ በዘበኛ እጅ፣ መስኮቱ በአቧራ ተሸፍኖ ቆሞ አያለሁ። የተሠራለት ልጅ እዚያ አድጎ ትምህርቱን ጨርሷል፤ ቤቱን በፎቶ ብቻ ያውቀዋል። መሥራት ክፉ ነው አልልም። ቅደም ተከተሉ ግን ይስተካከል፦ በፊት የልጆቹ አልጋና ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ሥራ ቢቋረጥ የሦስት ወር ኪራይ የሚሆን መጠባበቂያ፣ ከዚያ የሮቢቱ ቤት። እናትሽን አነጋግሬያታለሁ። ከፎቁ ይልቅ የልጅ ልጆቿን ድምፅ በአማርኛ መስማት ትፈልጋለች፤ አፏ የነገረኝን ነው የምነግርሽ።

የመመለስን ሐሳብ አታስቀሪው፤ ግን ኑሮን ለመመለሻ ቀን አትቅጠሪው። የዚህ ምድር ታሪክም ይህን ያውቃል። የይፋቱ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ከወደቀ በኋላ ልጆቹ ባሕር ተሻግረው የመን ተጠግተዋል። ሲመለሱ ግን የተቀመጡት አባቶቻቸው በነገሡበት በይፋት አልነበረም፤ በምሥራቅ በኩል በአዳል ስም የታወቀውን መንግሥት አቆሙ። የሄደ ሰው ቢመለስ እንኳ ሌላ ሰው ሆኖ፣ ሌላ ቤት ይጀምራል። ስለዚህ በመካከል ያለው ዓመት የማንም አይደለም ብለሽ አትጣዪው፤ የልጆችሽ ልጅነት ያለው በእሱ ውስጥ ነው። አድገው «ቤታችን» ብለው የሚያስታውሱት ያንን አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ባዶ ግድግዳና የታሰረ ሻንጣ እንዳያስታውሱ።

ልጄ፣ ዛሬ ማታ ባልሽ ወደ ሥራ ሳይሄድ ሻንጣውን ፍቱት። እናትሽ የፈተለችውን ጋቢ ፍራሹ ላይ አንጥፊ፤ የአባትሽን ፎቶ ልጆቹ በሚያዩበት ቁመት ስቀዪ፤ የላክሁልሽን ማሾ ቀቅለሽ አብያቸው። ደህና የምትዪውን ሰሃን ለልጆቹ አቅርቢበት፤ ቢሰበርም ይሰበር። ባዶውን ሻንጣ ደግሞ አልጋ ስትገዙ ሥሩ አስገቢው። ወደ እኛ የምትመጡበት ቀን ሲደርስ እዚያው ይገኛል።