ከጨርቁ በታች ያለው



እንደምታውቁት ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ በእረፍት ቀኔም ከእናንተ ጋር ጸልያለሁ። ዛሬ አዲስ አበባ ከወንድሜ ጋር አሮጌ ሶፋ እናለብሳለን፣ የተሰበረ ወንበር እንጠግናለን። «ተመልሰን ሥራ መክፈት እንፈልጋለን፤ እስቲ ስለ ሥራሽ ጻፊልን» ብላችሁ ስለ ላካችሁብኝ ይህን ጽፌአለሁ። ስብከት ነው ብትሉም፣ የሥራ ምክር ነው ብትሉም ያስኬዳል።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ላይ ክፈቱ። ታሪኩ የጥገና ታሪክ ነው። ንጉሥ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ፍራሽ እንዲጠገን አዘዘ። ገንዘቡ ይገባ ነበር፤ ጥገናው ግን እስከ 23ኛው የንግሥናው ዓመት አልተሠራም። በኋላ ካህኑ ዮዳሄ አንድ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ቀደደውና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አንድ ላይ ሆነው ይቆጥሩታል። ከዚያ ለአናጢው፣ ለግንበኛው፣ ለእንጨትና ለድንጋይ መግዣ ይከፈላል። በዚያ ገንዘብ የብር ዕቃ አልተሠራበትም። ገንዘቡን ተቀብለው ሥራውን የሚያሠሩት ሰዎች ደግሞ የታመኑ ስለ ነበሩ የሚተሳሰባቸው አልነበረም።

ከዚህ ሦስት ነገር አካፍላችኋለሁ።

አንደኛ፣ የማይታየውን ስለ መሥራት።

እናንተ ሶፋን የምታውቁት ከላይ ነው፤ በቫኪዩም ታጸዱታላችሁ፣ ትራሱን ታገላብጣላችሁ። እኛ የምናየው ሆዱን ነው። ጨርቁን ስትገፉት ስፖንጅ አለ፤ ከስፖንጁ ሥር ጆንያ ወይም ሸራ አለ፤ ከዚያ ሥር ሞላ ወይም የተወጠረ ቀበቶ፤ ከሁሉም በታች እንጨቱ። ሰው የሚከፍለው ላየው ጨርቅ ነው፤ የሚቀመጠው ግን ባላየው ላይ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ማታለል በጣም ቀላል ነው። ስፖንጅ በውፍረቱ ብቻ አይገመትም፣ በጥግግቱ ጭምር እንጂ። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ስፖንጆች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ አንድ ይመስላሉ፤ ስታነሷቸው ግን አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ ነው። ቀላሉ ርካሽ ነው፤ ሶፋው ሲወጣ ያምራል፤ ብዙም ሳይቆይ መሐሉ ይጎደጉዳል። የላላውን ቀበቶ ሳይቀይሩ ጨርቅ ማልበስ ይቻላል። የተሰነጠቀ እንጨት ላይ ሚስማር ደርቦ መሸፈን ይቻላል። ጨርቁ ከተመታ በኋላ ማን ያያል?

አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰው አራት ሶፋ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ጨርቁን ስንገፈው የሁለቱ እንጨት በነቀዝ ተበልቶ በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። «እንጨቱን ተዉት፤ ጨርቁን ብቻ ቀይሩልኝ፤ እንደ አዲስ እሸጠዋለሁ» አለን። የቤት ኪራይ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ እጃችን ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ የለም። ወንድሜ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት። «ጋሼ፣ እንጨቱ ካልተቀየረ አናለብሰውም» አልነው። «አልባሽ እንደሆነ ሞልቷል!» ብሎ ጭኖ ሄደ።

ኪራዩን ከጎረቤት ተበድረን ከፈልን። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ አመሰገነን ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባላችሁ፤ ግን አልመጣም። እህቶቼ፣ ታማኝነት ሁልጊዜ በማግስቱ አይከፈልም። እኔ ግን አስባለሁ፦ ያንን ሶፋ የሚገዛው ማነው? አዲስ ጎጆ የሚወጣ ልጅ ነው፤ ወይም አንዷ እህታችን ከዚያ በላከችው ገንዘብ እናቷ የምትገዛው ነው። ልጅሽ በላብ ያገኘችው ብር በእናትሽ ሳሎን ውስጥ ዱቄት ሲሆን አስቢው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣን። ውስጡ ተሠርቶ ሳይለብስ ባለቤቱን እንጠራለን። «ይምጡና ሆዱን ይዩት፤ ከዚያ እንሸፍነዋለን» እንላለን። መምጣት ያልቻለ ፎቶ ይላክለታል። የማይጠገነውንም አይጠገንም እንላለን፤ ውሃ የጠጣና ያበጠ ቺፕውድ ሚስማር አይዝም፣ የደንበኛን ገንዘብ መጨረስ ነው። እግዚአብሔርም የሚያየን ከጨርቁ በታች ነው። በእሑድ ልብሳችን ሰው ይታለላል፤ እሱ ግን እንጨቱን ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሣጥኑ።

ብዙዎቻችን የዚያን ታሪክ መጨረሻ እንወዳለን፦ የታመኑ ስለ ነበሩ የተሳሰባቸው የለም። «ከወንድሜ ጋር ምን ሒሳብ አለኝ! ከእህቴ ጋር ምን ወረቀት ያስፈልገኛል!» እንላለን። ግን መጀመሪያውን አንብቡት። ገንዘቡ ሠራተኞቹ እጅ ከመግባቱ በፊት በሣጥን ተቀምጧል፣ ሁለት ሰው ቆጥሮታል። ካህን እንኳ ብቻውን አልቆጠረም። ፍቅር ቆጠራን አያስቀርም፤ እንዲያውም ቆጠራ ፍቅርን ከጥርጣሬ ይጠብቃል።

በእኛ ሥራ እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ነው የምሰጣችሁ። አንድ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ለማልበስ በ20,000 ብር ተስማማን እንበል። ጨርቁ 12 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ጥለት ያለው ወይም ከፋይ ከሆነ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ጥለቱ መገጣጠም፣ የከፋዩ ጠጉርም ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት። ሜትሩ 700 ብር ቢሆን 8,400። ስፖንጅ 4,000። ሞላ፣ ቀበቶ፣ ማስቲሽ፣ ክር 1,600። ማመላለሻ 1,000። ድምሩ 15,000 ሆነ። ከቀረው 5,000 ላይ የእጅ ዋጋ 3,000፣ የኪራይና የመብራት ድርሻ 1,000 ሲነሳ ለሱቁ የሚተርፈው 1,000 ብር ነው።

አሁን ደንበኛው ግማሹን፣ 10,000 ብር ቀብድ ሰጠ። ገንዘቡ እጅ ላይ ሲሆን ያሞኛል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። ግን ያ ብር ገና ጨርቅና ስፖንጅ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። ስንት ሱቅ የተዘጋው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ቀብድ በልቶ ነው! የመጀመሪያውን ደንበኛ ጨርቅ በሁለተኛው ቀብድ ይገዛል፣ የሁለተኛውን በሦስተኛው፤ አንድ ሳምንት ሰው የቀረ ዕለት በሩ ይዘጋል።

ስለዚህ ቀብድ በተቀበልን ቀን ጨርቁን እንገዛለን። የነገርነው ዋጋም ለ10 ቀን ብቻ መሆኑን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚገባ ጨርቅ የሚሠራ ሰው ይህን መዘንጋት አይችልም። የሊራውን ነገር ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ለዓመታት ዶላሩ በ1,507.5 ቆሞ ነበር፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሆነውን በደመወዛችሁ አይታችሁታል።

ማታ ማታ እኔና ወንድሜ ሁለታችንም ሆነን እንቆጥራለን፤ ደብተሩ ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን። እሱ እጁ የተባረከ ባለሙያ ነው፤ እኔ ገንዘቡን አዋጣሁ። የእኔ ደመወዝ፣ የእሱ ደመወዝ፣ የሱቁ ገንዘብ ለየብቻ ነው። «የብር ዕቃ አልተሠራበትም» ያልኩትን አስታውሱ። ሱቁ ራሱን ሳይችል ከሱቁ ገንዘብ የእኛ ሳሎን ሶፋ አልተቀየረም፤ እንግዳ ሲመጣ ይስቅብናል፣ ይሁን።

እናንተ ሆይ፣ ሱቅ እንዲከፈትላችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፦ ሣጥኑ የት ነው? ሁለተኛው ቆጣሪ ማነው? ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? የተገዛው ማሽን ደረሰኝ አለው? ይህን መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር አይደለም። ወንድምን የሚወድ በፈተና ውስጥ ብቻውን አይተወውም።

ሦስተኛ፣ አሁን ስላላችሁበት ቦታ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 አቂላና ጵርስቅላ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። ከሮም በንጉሥ ትእዛዝ ተባርረው ቆሮንቶስ ገቡ፤ ስደተኞች ነበሩ። ሙያቸው ድንኳን መስፋት ነው፤ ጳውሎስም ሙያው ያው ስለ ነበረ አብሯቸው ሠራ። አገራቸው ከእጃቸው ወጣ፣ ሙያቸው ግን አብሯቸው ተሰደደ። ማንም ኤርፖርት ላይ አይቀማም።

አንቺም ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ከሶፋ ትራስ መሐል የማዳምን የጆሮ ወርቅ አግኝተሽ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥሽ ልጅ፣ የደንበኛን ቀብድ ሳትነኪ መጠበቅ ተምረሻል። ጌታ በሉቃስ 16 በሌላ ሰው ገንዘብ ስለ መታመን ያስተማረው ይህንኑ ነው። የትኛው ጨርቅ ቡና ሲፈስበት እንደሚለቅ፣ የትኛው ቆዳ በምን እንደሚጸዳ ታውቂያለሽ፤ በእጅ ያለ ወርቅ ሆኖብሽ ነው። ዕረፍት ያላችሁ በእረፍታችሁ መርፌና የስፌት ማሽን ተለማመዱ፤ ትሪፖሊ በቤት ዕቃ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፤ የሚያልፍላችሁ ካለ ሱቆቹን ቆማችሁ እዩ።

ይህን ስል ግን ደመወዟ የተከለከለባት እህት ዝም ብላ ትታመን ማለቴ አይደለም። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል። ስለዚህ የሠራሽበትን ወር፣ የተከፈለሽን፣ የቀረብሽን ጻፊ፤ ለምታምኛት እህትም ቅጂውን ስጪ። ሁለተኛ ቆጣሪ ለአንቺም ያስፈልግሻል። እኛም ሱቃችን ውስጥ የሚረዳንን ልጅ ቅዳሜ ሳይከፈለው አናሳድረውም፤ ደመወዝ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁና።

እህቶቼ፣ የተቀደደ ሶፋ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው እንጨቱን ነው። እንጨቱ ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ ይመለሳል። በስደት ብዙ ነገራችን አርጅቷል፣ ተቀዷል፤ እምነታችንና እውነታችን ደህና ከሆኑ ግን ጌታ ያድሰናል። የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፣ የላባችሁን ዋጋ አያስቀርባችሁ፣ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።