የሠርጉ ማለዳ የማን ነው?

ሠርግ ሳይሰናዱ የሚገቡበት ጉዳይ አይደለም። ሕዝባችን ነገሩን ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት የሚያዋክበውን ሰው «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እያለ የሚተርትበት፣ በርበሬው አስቀድሞ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆና ተፈጭቶ፣ ጌሾውም ተወቅጦ፣ ጠላውም ተጠንስሶ መገኘት እንዳለበት ማንም ስለሚያውቅ ነው። ከዚህ የተነሣ መሰናዳት የሥራ ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን የአክብሮትም ምልክት ሆኖ ኖሯል። የተዘጋጀለት እንግዳ የተከበረ እንግዳ ነው።

በዘመናችን ግን፣ በተለይም በከተሞች፣ በዚህ በነባሩ መሰናዶ ላይ ሌላ መሰናዶ ተደርቧል። ይኸውም የመሰናዶው መሰናዶ ነው። ሙሽሮቹ ምን እንደሚለብሱ ብቻ ሳይሆን፣ ሲለብሱ እንዴት እንደሚታዩ አስቀድሞ ይታቀዳል። ሰዓቱ ይከፋፈላል፤ ክፍሉ ይመረጣል፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም በዝርዝር ይጻፋል። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ የሠርግ ማለዳ ለፎቶግራፍ ሲባል ሲታቀድ፣ ማለዳው የባለቤቶቹ እንደ ሆነ ይቀራልን? ወይስ ካሜራውን በያዘው ሰው እጅ ይገባል?

ነገሩን በተጨባጭ ለመመልከት ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት የጥድፊያ ሳምንታት በአዲስ አበባ የሚደገሰውን አንድ ሠርግ እናስብ። ፎቶግራፍ አንሺው ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሁለት ከሆኑ አንደኛው ወደ ሙሽራው ቤት፣ ሁለተኛው ወደ ሙሽሪት ቤት ያመራል። በሙሽሪት ቤት ጓሮ ሌሊቱን ዐይናቸውን ሳይከድኑ ያደሩ ሴቶች በሰታቴው ዙሪያ ይራወጣሉ። በመኝታ ቤት የሙሽሪት ጠጉር ይሠራል፤ ዐይኗ ይኳላል፤ ነጩ ቬሎ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ጫማው፣ ሽቶውና አበባው በአንድ ጨርቅ ላይ ተደርድረው እንደ ሰው ለብቻቸው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በሙሽራው ቤት ደግሞ ሚዜዎች ከረባታቸውን ያስራሉ፤ ሙሽራው የወላጆቹን ጉልበት ስሞ ይመረቃል። ከዚያም አጀቡ ወደ ሙሽሪት ቤት ይሄዳል፤ ልጃገረዶቹ በሩን ይዘው እየዘፈኑ ይከለክላሉ፤ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ በመጨረሻም ይገባሉ።

ካሜራ እዚህ ማለዳ ውስጥ የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም። የዳጌር የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1840፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ስታገባ የሠርጓን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው አልነበረም። ሮጀር ፌንተን የተባለው እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ ንግሥቲቱንና ባለቤቷን በክብር ልብስ ያነሣቸው በ1854 ሲሆን፣ ይህ ሥዕል እስከ ዛሬ በብዙ ሰዎች ዘንድ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ይመስላል። ሠርጉ ግን 14 ዓመት አልፎታል። ሥዕል ያልነበረበትን ቀን ሊወክል፣ ተመልካችም ሳይጠራጠር ሊቀበለው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በአገራችንም ፎቶግራፍ ቀድሞ የታወቀው በቤተ መንግሥት አካባቢ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። ጥበቡ ወደ ከተማው ነዋሪ ሲወርድ ሙሽሮች ራሳቸው ወደ ፎቶ ቤት ይሄዱ ነበር፤ በመጋረጃ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው ተነሥተው ይመለሳሉ። ያ ሥዕል ሰው ሠራሽነቱን አይደብቅም ነበር፤ «ለፎቶ ቆመናል» ብሎ በግልጽ ይናገራል። ፊልም ባለበት ዘመን ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ልጓም ነበር፤ አንዱ የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል 36 ሥዕል፣ ሰፊው ባለ ስድስት በስድስት ካሜራ ደግሞ 12 ሥዕል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር ባለሙያው ከማንሣቱ በፊት ማሰብ ነበረበት። ዛሬ ልጓሙ ተፈትቷል፤ በአንድ ማለዳ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ይነሣል። ካሜራውም ደረጃ በደረጃ ወደ ቤቱ እየቀረበ መጥቶ እነሆ መኝታ ቤት ደርሷል። በቀረበ መጠን የሥዕሉ ውበት ጨምሯል፤ የኅሊና ጥያቄውም አብሮ ከብዷል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናት ልጃቸው ለብሳ ስትወጣ ያያሉ። እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል፤ ልጅቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች። በዚህ ጊዜ አንዱ ሚዜ በካሜራውና በእናቲቱ መካከል ያልፋል። ፎቶግራፍ አንሺውም በትሕትና «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወደ መስኮቱ ትንሽ ጠጋ ብለው አንድ ጊዜ ይድገሙልን» ይላቸዋል። እናቲቱ እሺ ብለው ይደግማሉ። ብርሃኑ ያማረ፣ አቋቋሙ የተስተካከለ ሥዕል ይገኛል። ማንም አልተጎዳም፤ ማንም አልተቀየመም። ታዲያ ምን ጠፋ?

የጠፋውን ለማወቅ ምርቃት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ምርቃት ወሬ አይደለም፤ ተግባር ነው። እናት «ይባረክ ትዳርሽ» ስትል ስለ አንድ ነገር ማስረዳቷ ሳይሆን አንድ ነገር መስጠቷ ነው። የሚሰጥ ነገር ደግሞ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩም «አሜን» ይላል። በመጀመሪያው ምርቃት የእናቲቱ ዐይን በልጃቸው ላይ ነበር። በሁለተኛው ግን ዐይናቸው ፎቶግራፍ አንሺው በእጁ በሚያመለክታቸው ቦታ ላይ ነው። ቃሉ ያው ነው፤ ተቀባይ ግን የለውም። ከሁሉም የሚከፋው፣ በአልበሙ ውስጥ የሚቀመጠው ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ አልበሙን ስትገልጥ አያቷ እናቷን ሲመርቁ ያየች ይመስላታል፤ የምታየው ግን አያቷ ፎቶግራፍ አንሺውን ሲታዘዙ ነው።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ሠርግ ራሱ ትወና አይደለምን? በሩን የሚይዙት ልጃገረዶች በመጨረሻ እንደሚለቁ ያውቃሉ፤ ሚዜዎቹም እንደሚገቡ ያውቃሉ። ልመናውም ክልከላውም አስቀድሞ የታወቀ ነው። በወግ የተደነገገውን ትወና እውነት ብሎ፣ በፎቶግራፍ አንሺ የተደነገገውን ሐሰት ማለት ምን ይሉታል?» ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አስቀድሞ የታሰበ ሁሉ ሐሰት ነው የሚለውን የተለመደ አነጋገር ያፈርሰዋል፤ ማፍረሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን የበሩን ወግ ልብ ብለን እንየው። ከልካይ አለ፣ ለማኝ አለ፤ ክልከላው ልመናን ይወልዳል፣ ልመናው መልስ ያገኛል። ልጃገረዶቹ በእርግጥ እኅታቸውን ሊሰጡ ነው፤ ሚዜዎቹም በእርግጥ ሊወስዷት ነው። ጨዋታው በዚያ ባሉት ሰዎች ተጀምሮ ወደ እነዚያው ሰዎች ይመለሳል። እንግዲህ ልዩነቱ በትወናና በእውነት መካከል ሳይሆን፣ ተቀባይ ባለውና ተቀባይ በሌለው ድርጊት መካከል ነው።

«ተቀባዩ በሩቅ ያለው ዘመድ ነው» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ አንዱ ክንፍ በዋሽንግተን፣ በቤሩት ወይም በሪያድ ይኖራል። ለቬሎው ኪራይ ገንዘብ የላከች እኅት ከአሠሪዋ ፈቃድ አጥታ ከሠርጉ ትቀራለች፤ ለእርሷ ሥዕሉ ቅንጦት ሳይሆን ድርሻዋ ነው። ይህን ድርሻ መንፈግ ግፍ ይሆናል። ሆኖም ይህች እኅት የምትናፍቀው ምንድን ነው? በዚያ ቤት መገኘትን ነው። ተገኝታ ቢሆን ኖሮ የሚዜው ትከሻ በፊቷ ሲያልፍ ታይ ነበር፤ የእናቷን ድምፅ መቆራረጥ ትሰማ ነበር። የተጣራውን ሁለተኛ ሥዕል ብቻ ስንልክላት በቤቱ የነበረ አንድም ሰው ያላገኘውን ነገር ላክንላት እንጂ ያመለጣትን አልመለስንላትም። ትከሻው ያለበት ሥዕል ለእርሷ ይበልጥባታል።

ከትእዛዝ ለመሸሽ ሲሉ ወደ ተቃራኒው ጥፋት የሚወድቁም አሉ። የዘመናዊ ፎቶግራፍ ታላቅ ሰው የሆነው ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን ማቀናበርን አይወድም ነበር፤ ሕይወትን ሳይነካ በቅጽበቷ መያዝን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ «ወሳኙ ቅጽበት» ተባለ፤ የፈረንሳይኛው ርእስ ግን ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸቀጡን ሰብስቦ የሚሮጠውን የመንገድ ነጋዴ የሚያስታውስ፣ «በጥድፊያና በድብቅ የተያዙ ሥዕሎች» እንደ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ለአደባባይ ተስማሚ ሊሆን ይችላል። የሙሽሪት መኝታ ቤት ግን አደባባይ አይደለም። በብዙ የገጠር አካባቢ ሙሽራ ፊቷን ተሸፍና የምትወጣበት ወግ ነበር፤ ምክንያቱ የቱንም ያህል ቢለያይ፣ በዚያ ሰዓት የማይታይ ነገር መኖሩን ያውጃል። ግማሽ የለበሰች ልጅ፣ ከሟች አባቷ ፎቶግራፍ ፊት ለብቻዋ የቆመች ልጅ፣ ሳታውቅ ስትነሣ አልታዘዘችም፤ ተሰርቃለች። ፈረንሳዊው ደራሲ ሮላን ባርት በ1980 ስለ ፎቶግራፍ ባሳተመው መጽሐፍ፣ እናቱን በልጅነቷ የሚያሳይ አንድ ሥዕል የሐሳቡ እምብርት አድርጎ ሲተነትን፣ ሥዕሉን ራሱን ግን ለአንባቢ አላሳየም። ያወቀውን ሁሉ ማሳየት ግዴታ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው አዛዥም ሌባም ካልሆነ ምን ይሁን? መልሱ በሠርጉ ሥርዐት ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል፤ ምስክር ይሁን። ጋብቻ ያለ ምስክር አይጸናም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ሁለት ምስክሮች እንዲገኙ ይጠይቃል። ምስክር ማለት ተጠርቶ የመጣ፣ መገኘቱ የታወቀ፣ ነገር ግን ለተጋቢዎቹ ቃል የማያቀብል ሰው ነው። ቃል ካቀበለ ምስክርነቱ ይፈርሳል፤ ሳይጠራ ከመጋረጃ ጀርባ ካዳመጠም ምስክር አይባልም።

ከዚህ የሚከተለው «ማቀድ ይቅር» የሚል አይደለም። እንዲያውም ያላቀደ ፎቶግራፍ አንሺ ነው ብዙ የሚያዘው። ማለዳውን ሳያጠና የመጣ ሰው ያመለጠውን ሁሉ «ይደገም» ይላል። አስተዋዩ ባለሙያ ግን በዋዜማው ቤቱን ይጎበኛል፤ የጧት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ያያል፤ ወንበሩን ወደዚያ ያስጠጋል፤ ምርቃቱ በስንት ሰዓትና በየትኛው ክፍል እንደሚፈጸም ሽማግሌዎቹን ይጠይቃል፤ የት ቢቆም መንገድ እንደማይዘጋ ያውቃል፤ ለሚዘገየው ነገር ሁሉ ትርፍ ጊዜ ይይዛል። ሙሽሪትንም ምን እንዳይነሣባት እንደምትሻ አስቀድሞ ይጠይቃታል። እንዲህ ካደረገ በኋላ ዝም ብሎ ይቆማል። ቦታውንና ብርሃኑን ማዘጋጀት የእርሱ ድርሻ ነው፤ ቃሉንና እንባውን ማዘጋጀት ግን የማንም ድርሻ አይደለም።

ምስክርነት ሌላም ግዴታ አለበት፤ የሚያምረውን ብቻ መርጦ መመስከር አድልዎ ነው። ጫማውና ሽቶው ለብቻቸው ሲነሡ፣ በጓሮ በጭስ ዐይናቸው የቀላ፣ ሌሊቱን በሙሉ ሽንኩርት ሲከትፉና ወጥ ሲያማስሉ ያደሩት ሴቶች ከአልበሙ ይቀራሉ። ፈቃዳቸው ተጠይቆ ሊነሡ ይገባቸው ነበር፤ ያለ እነርሱ ያ ማለዳ ባልነጋ ነበርና።

ሰው የደስታውን ቀን ለማስቀረት መመኘቱ አያስነቅፈውም፤ ጊዜ ሁሉን እንደሚወስድ ያውቃልና። ነገር ግን የሚቀረው ነገር የሆነው ነገር ይሁን። ብርሃኑ የደበዘዘ፣ ትከሻ የጋረደው የእናት ምርቃት በእርግጥ ተሰጥቷል፤ ልጅቱም በእርግጥ ተቀብላዋለች። ያን ሥዕል ማስቀረት የፎቶግራፍ አንሺው ጥበብ ነው፤ ምርቃቱን አለማስደገም ደግሞ ክብሩ ነው።