በር ያላቸው ሰዎች እድር

ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ባልቴት ነበሩ ይባላል። ግቢያቸው ጠባብ ቢሆንም ዋናው መንገድ አፍ ላይ ነው። ከጀርባቸው ልጅ የበዛበት ትልቅ ቤት አለ። አባወራው ቀድሞ የራሱ መውጫ ነበረው፤ ውርስ ሲከፈል በሩ ለወንድሙ ደረሰና ተኳረፉ። ከዚያ ወዲህ ጤፉም ከሰሉም ሲሚንቶውም የሚገባው በባልቴቷ በር ነው፤ ያውም እየከፈለ።

ባልቴቷ የፊት ክፍሎቹን ለባለገንዘቦች አከራዩ። ሁሉም የየራሱን ዘበኛ አቆመ። “እማማ፣ አንድ ዘበኛ አይበቃም?” ቢሏቸው፣ “አንድ ከሆነማ ግቢው የሱ ሆነ! ሲበዙ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ” አሉ። አንድ ሌሊት የአዲሱ ተከራይ ዘበኛ የሌላውን ዓይን ላይ ባትሪ አበራ ተባለ። “አላበራሁም” አለ። በዚያው አለፈ።

በዚህ መሀል በራቸው መንገድ ላይ የሆነ ሰዎች ስለ መንገዱ ጸጥታ የሚመክር እድር አቋቋሙ። የጀርባው አባወራ ሊመዘገብ ሄደ።

“በርዎ የት አለ?”

“በዚህ መንገድ ከኔ በላይ ማን ይመላለሳል?”

“እሱ ሌላ ነው” ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ቆይቶ ከወንድሟ ጋር በይዞታ ከምትሟገት ጎረቤት መውጫ ተዋዋለ። ወንድምየው ሰፈሩን ቀወጠው።

ባልቴቷን ጅቡቲ በሏቸው። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ጣሊያን ጦር አስፍረውባታል፤ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ቻይና ተጨመረች። ዓመት ሳይሞላ አሜሪካ የአብራሪዎቼን ዓይን በሌዘር ጎዳችሁ ስትል ከሰሰች፤ ቻይና አስተባበለች። እድሩ የተመሠረተው በኛ የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሪያድ ላይ ነው፦ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ አገሮች ምክር ቤት፣ ስምንት አባላት። አቃባ ላይ አጭር ዳርቻ ያላት ዮርዳኖስ ገባች። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ አብዛኛውን ንግዷን በጅቡቲ የምታሳልፈው ኢትዮጵያ ከውጭ ቀረች።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ሶማሊያ ተቆጣች። ክርክር ባለበት ይዞታ ላይ መውጫ መዋዋል ለእኔ ብልሃት አይመስለኝም። እድርተኞቹም ቢሆኑ አባወራውን አስቀምጠው የሚያነጋግሩበት ወንበር አላበጁም ነበር። የኢትዮጵያና የሶማሊያ ሽምግልና ለስምምነት የበቃው ቀይ ባሕርን በማታዋስን አገር፣ አንካራ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌዋ ቱርክም ብትሆን ሞቃዲሾ ላይ የጦር ማሠልጠኛ ሰፈር አላት።