የኢየሩሳሌም ታሪክ የነገሥታት ታሪክ ነውን?

ለብዙ ሰው ንባብ የሚጻፉትን የኢየሩሳሌም የታሪክ መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው የሚያገኘው ሥርዓት አንድ ነው፤ ይኸውም ከተማይቱን ማን እንደ ያዘ፣ ማን እንደ ተነጠቀ፣ ነጣቂውንም በተራው ማን እንደ ነጠቀው የሚዘረዝር የነገሥታት ተራ ነው። ናቡከደነፆር ያፈርሳል፤ ቲቶ በ70 ዓ.ም. ያቃጥላል፤ ቈስጠንጢኖስ ያንጻል፤ የፋርስ ሠራዊት በ614 ይማርካል፤ ሕርቃል መስቀሉን ይመልሳል፤ ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ ይገባል፤ የመስቀል ጦረኞች በ1099 ይፈጃሉ፤ ሰላሐዲን በ1187 ይረከባል፤ ሱልጣን ሱለይማን ቅጥሩን ያሠራል፤ ጀኔራል አለንቢም በ1917 በእግሩ እየተራመደ በበሩ ያልፋል (ዓመታቱ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)።

ይህ ተራ ሐሰት ነው አልልም፤ እያንዳንዱ በጊዜው ሆኗል። ነገር ግን ከተማን በጦር የያዘ ሰው የከተማይቱን ታሪክም አብሮ ይይዛልን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ስለ ሌላ ከተማ ቢነሣ ቀላል በሆነ ነበር፤ ቅድስት በተባለች ከተማ ላይ ሲነሣ ግን ይከብዳል፤ ድል አድራጊው ቅጥሯን ብቻ ሳይሆን ቅድስናዋንም ለድሉ ምስክር አድርጎ ይጠራልና፣ ታሪኩን የሚጽፍለትም ሰው የጦርነቱን ወሬ በቅዱሳት መጻሕፍት ቃል ያለብሰዋልና።

እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት የሚንቁ ሊቃውንት አሉ፤ እኔ ከነርሱ ጋር አልተባበርም። ካረን አርምስትሮንግ በ1996፣ ሳይመን ሴባግ ሞንቴፊዮሬም በ2011 ስለ ኢየሩሳሌም ያወጧቸው መጻሕፍት በየቤተ መዛግብቱ ተዘግቶ የነበረውን ዕውቀት ወደ አደባባይ አውጥተው፣ ግሪክኛም ዐረብኛም ለማያውቅ አንባቢ አድለዋል። አንባቢ መልክ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ደራሲውም ንጉሡን ያቀርብለታል። ንጉሡ ግን እስከ ዛሬ መልኩ ሳይጠፋ የኖረው ከሌላው ሰው ሁሉ የበለጠ ስለ ሠራ አይደለም፤ ውሎውን የሚጽፍለት ጸሐፊ በአጠገቡ ስለ ነበረ ነው። የነገሥታትን ዜና መዋዕል ስናነብ ላደግን ሰዎች ይህ የተሰወረ ነገር አይደለም።

ቅዱስ ቃል የጦርነትን ወሬ እንዴት እንደሚያለብሰው ለማየት ከ1099 የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የቱሉዝ መስፍን ቄስ የነበረው ሬይሞን ዘአጊሌር ጦረኞቹ በሐምሌ ወር ከተማይቱን በያዙ ጊዜ አብሯቸው ነበረ፤ በጻፈውም ታሪክ፣ እርሱ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ በሚለው በአል-አቅሳ መስጊድ ደሙ እስከ ፈረሶች ልጓም ደረሰ ይላል። የራእየ ዮሐንስን አንድምታ የተማረ የእኛ አገር ሊቅ ይህን ቢያነብ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ወዲያው ያውቀዋል፤ በምዕራፍ 14 ስለ ቍጣው ወይን መጥመቂያ ከተነገረው የተወሰደ ነውና። ስለዚህ ቄሱ የደሙን ጥልቀት ለክቶ የሚመሰክር ሰው አልነበረም፤ በዐይኑ ያየውን ዕልቂት የመጨረሻውን ፍርድ ቀን አስመስሎ ተረጐመው እንጂ። ከደሙ ጥልቀት ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ትርጓሜ ነው። ዛሬ ለሕዝብ የሚጽፍ ደራሲ ግን ትርጓሜውን እንደ ዐይን ምስክርነት ቈጥሮ ሲገለብጠው አንባቢውን በደም ብዛት ያስፈራዋል እንጂ፣ አንድ ካህን በሬሳ መካከል ቆሞ ፈጣሪውን ሊያመሰግን የቻለው እንዴት ባለ ኅሊና እንደ ሆነ አያስመረምረውም።

በእስላሞቹም ወገን የተገደሉት ሰዎች ቍጥር ያደገበት መንገድ ሊመረመር ይገባዋል። ከዕልቂቱ ጥቂት ዓመታት በፊት በኢየሩሳሌም የተማረው የሴቪልያው ሊቅ አቡ በክር ኢብን አል-ዐረቢ የተገደሉትን 3,000 ይላቸዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፈው ኢብን አል-አሲር ግን ከ70,000 በላይ ያደርጋቸዋል። የሦስት ሺህ ሰው መታረድ ለሐዘን የማይበቃ ይመስል ቍጥሩ ስለ ምን አደገ? እኔ እንደሚመስለኝ በመካከሉ ሐዘኑ ወደ ጦርነት ጥሪ ተለውጦ ነበር፤ ሙታኑም ከእንግዲህ የሚለቀስላቸው ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ ለሚመጣው ዘመቻ ማስረጃዎች ሆኑ።

ከዚያው ዓመፅ የተረፈ ሌላ ጽሑፍ ግን አለ። በ1100 በአስቀሎና የነበሩ የአይሁድ ሽማግሌዎች ወደ ግብፅ ወገኖቻቸው የላኩት ደብዳቤ በካይሮ በአንድ ምኵራብ ጓዳ ተከማችቶ ከኖረው ወረቀት መካከል ተገኝቶ፣ ሽሎሞ ጎይታይን የተባለው ሊቅ በ20ኛው መቶ ዓመት ይዘቱን ለዓለም ገልጦታል። በዚህ ደብዳቤ ንጉሥ አይታይም፤ የደም ጎርፍም አይነገርም። ነገሩ ሁሉ ሒሳብ ነው፤ ምርኮኞችን ለመቤዠት ምን ያህል እንደ ወጣ፣ ምን ያህል ዕዳ እንደ ተገባ፣ የተቤዡት ልብስና ቀለብ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከነርሱም በወረርሽኝ የሞቱ እንዳሉ፣ ከሰዎቹም ጋር ከ200 የሚበልጡ የቅዱሳት መጻሕፍት ቅጂዎችና 8 የኦሪት ጥቅልሎች ከማራኪዎቹ እጅ እንደ ተዋጁ ይናገራል። በከተማይቱ ነፍስ ያለው ሁሉ አለቀ የሚለውን ወሬ ይህ ደብዳቤ ያስተባብላል፤ ከዚህም የሚበልጠው ግን ድል አድራጊዎቹ ምስጋና በሚያሰሙበት ሰሞን ሌሎች ሰዎች ከአንዲት ወደብ ሆነው ዕዳ እየገቡ ሰውንና መጽሐፍን እንደ ዋጁ ማሳየቱ ነው። ስለዚያ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ እኔ የማከብረው ይህን ነው።

የሰላሐዲን ምሕረትም እንዲሁ ከበሩ ሥር ሆኖ ሊታይ ይገባዋል። በ1187 ወንድ 10፣ ሴት 5 ዲናር እየከፈለ እንዲወጣ መፈቀዱን መጻሕፍቱ ከ1099 ጋር እያነጻጸሩ ያወድሳሉ፤ ሊወደስም ይገባዋል። ሆኖም ምሕረቱ በድርድር የተገኘ ነው፤ የከተማይቱ ጠባቂ ባልያን ዘኢቤሊን፣ ካልተስማማችሁ መስጊዶቹን አፍርሰን በእጃችን ያሉትን የእስላም ምርኮኞች እንገድላለን ብሎ ነበርና። ሰላሐዲንና ወንድሙ አል-ዓዲል ከድሆቹ ብዙዎቹን በነጻ ቢለቁም፣ የሚከፍሉት ያጡ ሺዎች ወደ ባርነት ሲነዱ ፓትርያርኩ ሄራክሊዮስ የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት ጭኖ ወጣ። ያላትን ሁሉ ሰጥታ አምስቱ ዲናር ያልሞላላት አንዲት እናት ስለዚህ ምሕረት ምን ትል እንደ ነበር የጠየቃት ጸሐፊ የለም።

የ1229ን ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አዝንበታለሁ። በዚያ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛና የግብፁ ሱልጣን አል-ካሚል ያለ ጦርነት ተዋውለው፣ ከተማይቱ ለ10 ዓመት ያህል ለክርስቲያኖች፣ አል-አቅሳና የዓለቱ ጕልላት ያሉበት ቅጥር ደግሞ ለእስላሞች እንዲሆን ተስማሙ። ይህን ውል የተቀበለው ሰው ጥቂት ነው። የላቲኑ ፓትርያርክ ጌሮልድ በግዝት ያለ ንጉሥ ገብቶባታል ብሎ ከተማይቱን ከቅዳሴ አገዳት፤ በደማስቆም ሲብጥ ኢብን አል-ጀውዚ በታላቁ መስጊድ ሕዝቡን በስብከቱ አስለቀሰ። የዛሬዎቹ ደራሲዎች ደግሞ ነገሩን እንደ አንድ እንግዳ ንጉሥ ጠባይ አድርገው በጥቂት ገጽ ያልፉታል። ሁለቱም ወገኖች የተቈጡት ቅዱስ ስፍራ በደም ካልተገዛ ክብሩ ይጐድላል ብለው ስለሚያምኑ ነው፤ እኛም ስለ 1099 መቶ ገጽ አንብበን ስለ 1229 አምስት ገጽ ሲበቃን ሳይታወቀን ያንኑ እምነት እንቀበላለን። ደራሲው ምዕራፉን በሰይፍ ላይ ሲሠራ የአንባቢን ጣዕም ያገለግላል እንጂ ስለ ታላቅነት አይፈርድም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ምን ያህል ገጽ ለምን ነገር እንደሚሰጥ መወሰን ራሱ ፍርድ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ አገር ክርክር አይደለም። የኢየሩሳሌም ጥፋት ዜና አይሁድ በተባለው መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ ሲነበብ ኖሯል፤ መነኮሳታችንም ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ በዴር ሡልጣን ገዳም ይጸልያሉ። ስለ 1838 የሚጻፈውን ብንመለከት የምናገኘው የግብፁ ሙሐመድ ዐሊና ልጁ ኢብራሂም ፓሻ ከ1831 እስከ 1840 ከተማይቱን ስለ መግዛታቸው ነው፤ በዚያው ዓመት የገባው ወረርሽኝ የኢትዮጵያውያኑን ማኅበር ሊያጠፋ ጥቂት እንደ ቀረው፣ መጻሕፍቶቻቸውም እንደ ተቃጠሉ የሚናገር መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የኢየሩሳሌምን ታሪክ ለሕዝብ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቢነሣ፣ ነገሥታቱን ያስቀር ዘንድ አልለምነውም፤ የምለምነው ስለ እያንዳንዱ ድል ሲጽፍ ቤዛውን ማን ከየት አምጥቶ እንደ ከፈለ እስከሚያገኝ ድረስ ብዕሩን ወደ ሚቀጥለው ንጉሥ እንዳያሻግር ነው።