በስውር ለተሠራ በጎ ሥራ በአደባባይ የሚሰጥ ምስጋና

ጊቫት ሽሙኤል በፔታ ቲክቫና በብኔ ብራቅ መካከል፥ በጌሃ አውራ ጎዳና ዳር የተቀመጠች፥ ስሟን ከሩማንያው የጽዮናውያን መሪ ከሽሙኤል ፒነለስ የወረሰች፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የከተማነትን ማዕርግ ያገኘች ትንሽ ከተማ ናት። የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ጎረቤቷ ስለ ሆነ ተማሪ በዝቶባታል፤ ወደ ፔታ ቲክቫ ጥቂት ራመድ ቢሉ ደግሞ ከጎንደርና ከትግራይ የመጣው የቤተ እስራኤል ሕዝብ በብዛት ወደሚኖርበት ሰፈር ይደርሳሉ። እንዲህ ባሉት የእስራኤል ከተሞች፥ ያለ ደመወዝ ሕዝብን የሚያገለግሉ ሰዎች በአዳራሽ ተሰብስበው የሚመሰገኑበት ምሽት የተለመደ ነው፤ ዕድሜያቸውን ለከተማቸው ለሰጡት ማዘጋጃ ቤቱ «ያኪር ሃኢር»፥ ማለት «የከተማይቱ ውድ»፥ የሚል የክብር ስም ይሰጣቸዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1985 ዲሴምበር 5ን የበጎ ፈቃደኞች ቀን ብሎ ወስኖላቸዋል።

ይህ ልማድ ግን፥ መልካም ቢመስልም፥ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለፈጣሪው ብሎ በጎ የሠራ ሰው፥ ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፥ ጭብጨባውን ሰምቶ፥ የምስክር ወረቀቱንና አበባውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ዋጋውን በዚህ ዓለም ተቀብሎ ጨርሷልና በወዲያኛው የሚጠብቀው የለም ይባላልን? ወይስ ሕዝቡ በጎውን አይቶ እንዳላየ ቢያልፍ፥ ውዳሴ ከንቱን ሸሸሁ ሲል ውለታ ቢስ ሆኖ ይገኝ ይሆን?

ስውርነትን የሚያዝዘው ቃል በመጻሕፍት ዘንድ ብርቱ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምጽዋት ከሰጪው ከራሱ ከግራ እጁ እንኳ እንዲሠወር ይመክራል። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍም በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ስለ ነበረች አንዲት የምሥጢር ክፍል ይተርካል፤ ኃጢአትን የሚፈሩ ሰዎች ማንም ሳያያቸው ገብተው ያላቸውን ያኖሩባት ነበር፤ ከመልካም ቤተ ሰብ ተወልደው የደኸዩትም እንዲሁ ማንም ሳያያቸው ገብተው የሚበቃቸውን ይወስዱ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲያሰልፍ፥ ለችግረኛው ብድር ወይም ሥራ ሰጥቶ ከልመና ማውጣትን በላይኛው ደረጃ ካስቀመጠ በኋላ፥ ሁለተኛውን ስፍራ ሰጪው ተቀባዩን፥ ተቀባዩም ሰጪውን ለማያውቅበት ስጦታ ሰጥቶታል። ይህን ሁሉ ሥርዓት ያስወጣው ምክንያት ሲመረመር፥ ሰጪው እንዳይታበይ ከማሰብ ይልቅ ተቀባዩ እንዳያፍር መጨነቅ ሆኖ ይገኛል። መጋረጃው የተዘረጋው የድኻውን ፊት ለመሸፈን ነው።

ቤተ እስራኤል ይህን ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በደም ተምሮታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን፥ በገዳሪፍ ዙሪያ በነበሩት የስደተኞች ሰፈሮች፥ በኡም ረኩባም ጭምር፥ «ኮሚቴ» የሚባሉ ጎልማሶች ነበሩ። ሥራቸው በስውር የመጣውን ገንዘብ ለየቤተ ሰቡ ማካፈል፥ በሽተኛውን ማሳከም፥ የሞተውን መቅበር፥ በሌሊት የሚጓዘውንም ሰው ያለ ኮሽታ ከጎጆው አውጥቶ እስከ መኪናው ማድረስ ነበር። ጎረቤት እንዳያውቅ፥ ልጅ እንዳያወራ፥ የጸጥታ ሰዎች እንዳይሰሙ ይጠነቀቁ ነበርና፥ ስማቸው በአደባባይ ቢጠራ ምስጋና ሳይሆን ክስ በሆነ ነበር፤ ተይዘው ታስረው የተገረፉም አሉ። በኖቬምበር 1984 የተጀመረው የሙሴ ዘመቻም ብዙ ሺሕ ሰው ከሱዳን ወደ እስራኤል በአየር ካጓጓዘ በኋላ፥ በጃኑዋሪ 1985 ምሥጢሩ በጋዜጣ ስለ ወጣ በድንገት ተቋረጠ፤ እናት ከልጇ፥ ባል ከሚስቱ እንደ ተለያየ ቀረ። ያለ ጊዜው የተነገረ በጎ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ያ ዝምታ የአደጋው ዘመን ካለፈ በኋላም ጸንቶ ቢቀር ኖሮ ሌላ ጥፋት ባስከተለ ነበር። በእስራኤል የተወለዱት ልጆች ስለ ወላጆቻቸው የሚሰሙት፥ አውሮፕላን መጥቶ እንደ ዕቃ ጭኖ አመጣቸው የሚለውን ብቻ በሆነ ነበርና። አዳኞቹ ከራሳቸው ወገን ጭምር እንደ ነበሩ፥ ፈረደ አክሉምን የመሰሉ የቤተ እስራኤል ልጆች የሱዳኑን መንገድ እንዳቀኑት፥ የኮሚቴው ጎልማሶችም የራሳቸውን ተራ ለሌላው ለቀው ወደ ኋላ እንደ ቀሩ የሚያውቁት፥ የሚናገር በመገኘቱ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በአይሁድ አቆጣጠር ኢያር 28 ቀን በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ፥ በመንገድና በሱዳን ላለቁት፥ ቁጥራቸው ወደ 4000 ለሚገመተው ወገኖች የሚደረገው የመታሰቢያ ሥርዓት፥ ዝምታው በጊዜው ቅዱስ እንደ ነበረ ሁሉ ንግግሩም በጊዜው ቅዱስ መሆኑን ያስረዳል።

መጻሕፍትም ቢሆኑ ስውርነትን ብቻ አያስተምሩም። ኦሪት ሮቤል ዮሴፍን ከወንድሞቹ እጅ ሊያድነው እንዳሰበ ጽፋ ለትውልድ አቆይታለች፤ መጽሐፈ ምሳሌም ስለ ልባም ሴት ተናግሮ ሲፈጽም ሥራዋ በከተማ በር፥ ማለት ሸንጎ በሚቀመጥበት አደባባይ፥ እንዲመሰገን ይጠይቃል። በ13ኛው መቶ ዓመት በባርሴሎና የነበረው ረቢ ሽሎሞ ቤን አድሬት፥ ለሕዝብ ጥቅም የሰጠ ሰው ስሙ በስጦታው ላይ ቢጻፍ ይገባልን ተብሎ ሲጠየቅ፥ መጽሐፍ ራሱ በጎ አድራጊዎችን ስለሚጽፍ እኛም ልንጽፋቸው ይገባል ብሎ ፈርዷል።

እንግዲህ አንዱ ሰውር፥ አንዱ ግለጥ ሲል የሚጣረሱ የሚመስሉት ሁለቱ ትእዛዛት፥ ለማን እንደ ተሰጡ ቢጠየቅ ጠባቸው ይበርዳል። መሰወር የታዘዘው ሠሪው ነው፤ መናገር የታዘዘው የተደረገለት ነው። ሠሪው ስለ ራሱ ቢያወራ ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል፤ የተደረገለት ዝም ቢል ግን ዕዳውን እንደ ካደ ይቈጠርበታል። ምስጋና የተመስጋኙ ደመወዝ ሳይሆን የአመስጋኙ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍል ሰው ደግሞ ባለ ገንዘቡ ስላልጠየቀው አይተወውም።

ከዓመታት በፊት በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት፥ ስሙን በማልጠቅሰው አዳራሽ፥ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት አይቻለሁ። ለቅሶ ባለበት ቤት ሁሉ እንጀራና ወጥ ይዘው በመድረስ፥ ሆስፒታል የተኙ ሽማግሌዎችንም በመጠየቅ የታወቁ ናቸው። አስተናባሪው ስማቸውን ሁለት ጊዜ ሰባብሮ ጠራው፤ እሳቸው መጠራታቸውን ያወቁት የልጅ ልጃቸው ክርናቸውን ሲነካቸው ነው። ወደ መድረኩ ወጥተው፥ እጅ ነሥተው፥ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተመለሱ። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ነበርና ልጁ በጆሯቸው እያንሾካሾከ ተረጐመላቸው። ሰምተው ሲያበቁ፥ «ልጄ፥ አብራኝ የምትጋግረው ጎረቤቴስ ስሟ አለበት ወይ?» አሉት። «የለም» አላቸው። ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

የእኒያ እናት ጥያቄ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። የአገራችን ምሳሌ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚል፥ ደቦውም ሆነ ወንፈሉ፥ ለቅሶ መድረሱም ሆነ ሽምግልናው ተካፍለው የሚሸከሙት ሥራ ነው። አንዱን ነጥሎ የሚያወድስ ምሽት፥ አርባ ዘጠኙን የረሳ እንደ ሆነ፥ ማመስገኑ ቀርቶ ማሳዘን ይሆናል።

ታዲያ አገልጋይን ማመስገን እንዴት ያለ መልክ ቢኖረው ነፍስን ሳይጎዳ ዕዳን ይከፍላል? ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነው፥ ሙታንን አጥበው ገንዘው የሚቀብሩት የአይሁድ ማኅበራት፥ ሄቭራ ካዲሻ የሚባሉት፥ በብዙ ስፍራ የሚጠብቁት ልማድ ነው። አዳር 7 ቀን ነቢዩ ሙሴ ያረፈበት ዕለት ነው ተብሎ ስለሚታመን፥ የማኅበሩ አባላት ቀኑን በጾምና በምሕላ ያሳልፉታል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያገለግሉ የአንዱን ሙት ክብር ሳያውቁ አጉድለው እንደ ሆነ ይቅርታ ይለምናሉ፤ በመሸም ጊዜ ማኅበሩ የግብር ማእድ ይቀመጣል። ሊቃውንት ለሙት የሚደረገውን ቸርነት እውነተኛ ቸርነት ይሉታል፤ ሙት ብድር አይመልስምና። ኦሪትም የሙሴን መቃብር ማንም እንዳያውቀው ሰውራለች፤ በቤተ እስራኤል ዘንድ በግእዝ የሚነበበው ሞተ ሙሴ የተባለው መጽሐፍ መላእክት በጎልማሶች አምሳል ሆነው መቃብር ሲቈፍሩ ያሳያል። የታላቁ ነቢይ ቀባሪዎች ስም የላቸውም።

በዚህ ልማድ ውስጥ የከበረው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ጾም ይቀድማል፥ ድግስ ይከተላል። የእኛም የቤተ እስራኤል የሲግድ በዓል በዚሁ ሥርዓት የቆመ ነው፤ ሕዝቡ ጾሞ፥ ኦሪቱን አስቀድሞ ወደ ተራራ ወጥቶ፥ ተናዝዞና ሰግዶ፥ ከዚያ በኋላ ወርዶ በአንድነት ይበላል። ራሱን አስቀድሞ የመረመረ ማኅበር ሲያመሰግን ምስጋናው እውነት ይሆናል፤ ያልመረመረ ግን ጭብጨባውን ለሕሊናው መሸፈኛ ሊያደርገው ይችላል። በ2009 በፔታ ቲክቫ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው አገሩን ሁሉ ያነጋገሩበትን ጊዜ ያስታወሰ ሰው፥ ማታ እናቲቱን በአዳራሽ አክብሮ ጠዋት ልጇን ከበር የሚመልስ ከተማ ምስጋናው በፈጣሪ ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን አያጣውም።

ስለዚህ በጊቫት ሽሙኤልም ሆነ በጎንደር፥ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ አገር ይህን የመሰለ ምሽት የምታሰናዱ ሁሉ፥ አዳራሽ ከመከራየታችሁ አስቀድማችሁ፥ ዓመቱን በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ጥለን ራሳችን ሳንነካው የቀረው ሸክም የትኛው ነው ብላችሁ ተጠያየቁ። መድረኩን ለባለ ሥልጣን ንግግር ሳይሆን፥ ፈቅዶ ሊመሰክር ለሚወድድ ለተደረገለት ሰው ስጡት፤ የድኻውን ስምና ችግር ግን ያለ ፈቃዱ አታውጡ። የተመስጋኙን ስም በትክክል መጥራት ተለማመዱ፤ ከጎኑ የጋገረችውንና የቈፈረውንም ጠይቃችሁ ጻፉ። አንተም፥ ስምህ የሚጠራው ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ በትሕትና ስም አትሽሹ፤ ወጥታችሁ ተቀበሉ፤ ሕዝቡ ዕዳውን እንዲከፍል መፍቀድም አንድ አገልግሎት ነውና።