የአባትን ገበና ስለ መሸፈን

ሰው አባቱን በሁለት መንገድ ያውቀዋል። አንደኛው በልጅነቱ በምድጃ ዳር ተቀምጦ የሰማው ነው፤ ሁለተኛው አባቱ ከሞተ በኋላ ከሣጥን የሚወጣው ወረቀት ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ልጅ የሚታመነው ለየትኛው ነው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የቤተሰቡን ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሁሉ ውሎ አድሮ ከዚሁ ጥያቄ ጋራ መገናኘቱ አይቀርም።

ለነገሩ ምሳሌ የሚሆነን አንድ ገበሬ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቻርልስ ኢንጋልስ የተባለው አሜሪካዊ በ1836 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ በ1902 ዓ.ም. በደቡብ ዳኮታ ሞተ። በዚህ መካከል ከዊስኮንሲን ጫካ ወደ ካንሳስ ሜዳ፥ ከካንሳስ ተመልሶ ወደ ዊስኮንሲን፥ ከዚያም ወደ ሚኒሶታ፥ ወደ አዮዋና ወደ ዳኮታ ቤቱን እየነቀለ ሲተክል ኖረ። ባለጠጋ አልነበረም። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ሁለተኛዪቱ ልጁ ላውራ ኢንጋልስ ዋይልደር ከ1932 ዓ.ም. ጀምራ ስለ ልጅነቷ ባሳተመቻቸው መጻሕፍት ምክንያት ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ አባትዬው ማታ ማታ ቫዮሊን የሚጫወት፥ ቤቱን በገዛ እጁ የሚያቆም፥ ከማንም እርዳታ የማይለምን አገር አቅኚ ሆኖ ይታያል።

ወረቀቶቹ ግን ሌላም ነገር ይናገራሉ። ከአራቱ ሴቶች ልጆች ሌላ አንድ ወንድ ልጅ ነበረ፤ በ1875 ዓ.ም. ተወልዶ በዘጠኝ ወሩ ሞተ። በላውራ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ሕፃን የለም። በሚኒሶታ አንበጣ እህሉን በጨረሰበት ዘመን ደግሞ መንግሥት ለተጎዱት ገበሬዎች ዱቄት ሲያድል፥ ተቀባዩ ምንም የሌለው ድኻ መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይገደድ ነበር። ኢንጋልስ በኖቬምበር 1875 ዓ.ም. ይህን ፈርሞ ዋጋው 5 ዶላር ከ25 ሣንቲም የሆነ ሁለት ግማሽ በርሜል ዱቄት ተቀብሏል። ከአዮዋም የወጣው የቤት ኪራይ ዕዳ ስላለበት በሌሊት ነበር። ይህን የመጨረሻውን ላውራ ራሷ ጽፋዋለች፤ ነገር ግን የጻፈችበት ማስታወሻ በሕይወቷ ሳለች አልታተመም፤ ለአንባቢ የደረሰው እርሷ ከሞተች ከ57 ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ነው።

ኖኅ ሰክሮ ራቁቱን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ማውራቱን፥ ሴምና ያፌት ፊታቸውን መልሰው ማልበሳቸውን የማያውቅ አንባቢ የለም። በእኛ ዘንድ የአባትን ገበና መሸፈን የልጅ ወግ ነው። ስለዚህ ላውራን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው በመጀመሪያ ይህን ያስብ። አባቷ የፈረመባት ወረቀት የእርሱ ችግር ናት፤ የሞተው ሕፃን የእናቲቱ ኅዘን ነው። በመዝገብ ቤት አቧራ እያራገፈ እንዲህ ያለውን ነገር አደባባይ የሚያወጣ ተመራማሪ ከካም የሚለይበትን ምክንያት ሊነግረን ይገባል።

የካንሳሱ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ኢንጋልስ በ1869 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን የሠራበት ምድር ኦሴጅ ለሚባሉት የአገሩ ተወላጆች በውል የተተወ ነበር። በ1870 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ያደረገው ጸሐፊ መሬቱ የኦሴጆች መሆኑንና ሰፋሪዎቹ የባለቤትነት መብት እንደሌላቸው በመዝገቡ ላይ አስፍሯል። አይዛክ ጊብሰን የተባለው የመንግሥት ወኪልም በዚያው ዓመት ሰፋሪዎች የኦሴጆችን እህል እንደ ዘረፉ ለበላዮቹ አመልክቷል። ኢንጋልስ እህል ወሰደ የሚል ወረቀት የለም፤ ያልተጻፈበትንም አንጨምርበትም። ነገር ግን በመሬቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጁላይ 1870 ዓ.ም. የወጣው ሕግ መሬቱን ለሰፋሪዎች ሸጦ ኦሴጆችን ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር እንዲሄዱ አደረገ። በ1935 ዓ.ም. የታተመው የላውራ መጽሐፍ ግን አባትዬው መሬቱን የለቀቀው ወታደሮች ሰፋሪዎቹን ሊያስወጡ መሆኑን ስለ ሰማ ነው ይላል፤ አንባቢም የሚያዝነው ለኢንጋልስ ነው። በእውነቱ በ1871 ዓ.ም. የተመለሰው የዊስኮንሲን መሬቱን የገዛው ሰው ገንዘቡን መክፈል ስላቃተው ነበር።

እዚህ ላይ የሴምና የያፌት ልብስ አይበቃም። ልብሱ የሸፈነው አባትን ብቻ አይደለምና፤ በሥሩ የሌላ ሰው ንብረት አለ። የራስን አባት ድህነት መሸሸግ ማንንም ሳይጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ሌላ የሆነን ነገር በአባት ክብር ስም መሸሸግ ግን ከባለቤቱ ላይ ሁለተኛ ጊዜ መውሰድ ነው። እኛም አገር እስከ 1975 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ለመከራከር የትውልድ ሐረግ መቁጠር የታወቀ ሥራ ነበር። ሐረግ ቆጣሪ ምድሩን ያቀናውን አያት ስም በቃሉ ይዞታል፤ ከአያቱ በፊት በዚያ ምድር ላይ የነበረውን ሰው ስም ሲያነሣ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም።

እንግዲህ ዱቄቱን ሸፍነን መሬቱን እንግለጥ ብሎ ለመጨረስ ይቻል ነበር። እኔም በዚህ ብቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የዱቄቷም ነገር እንዲህ በቀላሉ አትለቅም። ያለ ማንም እርዳታ ኖረ የተባለው ገበሬ ለልጅ ልጆች ምሳሌ ይሆናል፤ በዚያ ምሳሌ ያደገ ሰው ሹም ሆኖ በወንበር ሲቀመጥ፥ እህሉ የጠፋበት ገበሬ እጁን ዘርግቶ ቢመጣ አባቶቻችን አልለመኑም ብሎ ይመልሰዋል። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ አንባቢ ይህን ዓይነት መልስ ሰምቶ ያውቅ ይሆናል። ታዲያ ከአባት ድህነት ላይ የተጣለው ልብስ የማያውቀውን ድኻ ያራቁታል። በመሬቱና በዱቄቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደሚመስለን ሰፊ አይደለም፤ ቢሆንም አለ፥ ምክንያቱም ኦሴጁ የሚጠይቀው የራሱን ነው፤ የዱቄቱን ነገር ግን ከልጅቱ ላይ በመብት የሚጠይቃት የለም።

ኢንጋልስ በመጨረሻ በ1880 ዓ.ም. በዳኮታ 160 ኤከር፥ ማለት ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ መሬት፥ በ1862 ዓ.ም. ሕግ መሠረት ለማልማት ተመዘገበ። ምስክሮች ቆመውለት በ1886 ዓ.ም. መብቱን አረጋገጠ። ወረቀቱ እንከን የለበትም። የዚያ ምድር የቀድሞ ባለቤቶች ስማቸው ለግዛቱ መጠሪያ የሆነው የዳኮታ ሰዎች መሆናቸውን ግን ወረቀቱ ሊናገር አልተጻፈም።

ላውራ ካንሳስ ሳሉ ገና ሕፃን ስለ ነበረች ያን ቤት በኢንዲያን ግዛት ውስጥ፥ ከኢንዲፔንደንስ ከተማ 40 ማይል ርቆ የነበረ አድርጋ ጻፈችው። በኋላ ሰዎች ቦታውን ሲፈልጉ በርቀቱ ልክ ሄደው አላገኙትም። የተገኘው በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሦስተኛዪቱ ልጅ ካሪ ኦገስት 3 ቀን 1870 ዓ.ም. በሞንትጎመሪ ወረዳ፥ ካንሳስ ተወለደች ተብሎ በተጻፈው መስመርና በሕዝብ ቆጠራው መዝገብ ነው፤ በዚያው መሬቱ የኦሴጆች ነው በሚለው መዝገብ።